ለአንድ ሰው አይሠራም

ቫሌንሲያን እኛ የምናውቃት በእግር ነው። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚህች የስፔን የባሕር ዳር ከተማ ጎዳናዎች ላይ ነው። አማኔ በሪሶ በ2022፣ ሲሳይ ለማ በ2023 በማራቶን ያሸነፉትም እዚያው ነው። ስለ ጎዳናዋ ለጥ ማለትና ስለ አየሯ ተስማሚነት ማንም የስፖርት ዜና ተከታታይ ሊያጫውተን ይችላል። ስለ ገበታዋ ግን ያጫወተን የለም። ይህ ጸሐፊም ባለፈው ሰሞን ወደዚያች ከተማ ብቅ ሲል ስለ ምግቧ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፓኤያ የሚባለው ቢጫ ሩዝ የተወለደው እዚያ መሆኑን።

በደረስኩ ዕለት በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል፤ የአገሬው ሰው ምሳውን የሚበላው በዚያ ሰዓት ነው። ቤቷ በቤተሰብ ተሞልታለች። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ በየጠረጴዛው ዙሪያ ተሰብስቦ እንደ ገበያ ይንጫጫል። ጥግ ላይ ቦታ አገኘሁና ሜኑው ላይ ፓኤያ የሚለውን በጣቴ አመለከትኩ። ዕድሜያቸው ጠና ያለው አስተናጋጅ ፈገግ ብለው ሁለት ጣታቸውን አነሡ። ‹‹ከሁለት ሰው በታች አይታዘዝም›› ማለታቸው ነው። የሁለት ሰው ሒሳብ ልክፈል እንዳልል ኪሴም ኩራቴም አልፈቀዱም። ዓሣም ሾርባም እንዳለ ሊያስረዱኝ ቢሞክሩ አኩርፌ ወጣሁ። ብቻዬን የምሄድ መንገደኛ ስለሆንኩ የተናቅሁ መሰለኝ።

ሁለት መንገድ አልፌ ከአንድ ሰፊ አደባባይ ስደርስ ግን እንግዳ አክባሪ አገኘሁ። በር ላይ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ቆሟል፤ የስምንትና የዘጠኝ ዓይነት ፓኤያ ሥዕል ተደርድሮበታል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። አንድ ወጣት በአራት ቋንቋ መንገደኛውን ሁሉ ይጠራል። ለአንድ ሰው ይሠራ እንደሆነ ስጠይቀው ጥያቄው ራሱ አስገረመው። ተቀመጥኩ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ምግቡ መጣ። ጥሬ ሩዝ ለመብሰል ብቻ ወደ 20 ደቂቃ እንደሚፈልግ ማንም ወጥ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይስተውም። እንግዲህ የእኔ ፓኤያ እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ ምናልባትም እኔ ከመወለዴ በፊት፣ ተሠርቶ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ከላይ ሁለት ሽሪምፕና አንድ የተከፈተ ቀንድ አውጣ መሳይ የባሕር ዛጎል ተቀምጦበታል፤ ዳሩ ይፋጃል፤ መሐሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ሩዙ ገንፎ ሆኗል። ከፍዬ ወጣሁ። ጉርሻም ትቼ ወጣሁ፤ የይሉኝታ ነገር።

ያኔ የተሰማኝ ንዴት ለአስተናጋጁ ነበር፤ ለመጀመሪያው፣ ለሽማግሌው። እሳቸው ባያባርሩኝ ኖሮ እዚህ አልመጣም ነበር አልኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። የመጀመሪያው ቤት ያልሸጠልኝ ነገር፣ ሁለተኛው ቤት ጨርሶ የሌለው ነገር ነበር። በባሕር ዳር ከተማ ያለን ምግብ ቤት የምንሐይሰው በምን መለኪያ ነው? በጣዕም ብቻ ነው? በዋጋ ነው? ወይስ ምግቡ ከየት እንደመጣና ለማን እንደተሠራ በማየት?

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት። ፓኤያ የምግብ ስም ከመሆኑ በፊት የዕቃ ስም ነው። በቫሌንሲያ ቋንቋ መጥበሻ ማለት ነው፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ዕቃው ሰፊ፣ ዝርግና ባለ ሁለት ጆሮ ነው። ዶሮና ጥንቸል በወይራ ዘይት ይጠበሱበታል፤ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ፎሶልያ፣ ጋሮፎ የሚባለው ትልቅ ነጭ ባቄላ፣ ቲማቲምና ሳፍሮን ይጨመራል፤ ከዚያ ውሃው፤ ከዚያ ሩዙ። እሳቱ በወጉ የብርቱካን እንጨት ነው። ሩዙ አንዴ ከተበተነ በኋላ አይማሰልም። ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ ከምጣዱ ሥር ትንሽ አረር ያለች፣ የምትንኮሻኮሽ ቅርፊት ትይዛለች፤ ሶካራት ይሏታል። እኛ የድስት ሥር ተፋቆ ሲሰጠን በልጅነታችን እንደምንጣላው፣ እነሱም በሶካራት ይሻማሉ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አበላሉ ነው። በገጠሩ ወግ መጥበሻው ራሱ ከጠረጴዛው መሐል ይቀመጣል። ሳህን የለም። እያንዳንዱ የእንጨት ማንኪያውን ይዞ ከፊቱ ካለው ጀምሮ ወደ መሐል ይበላል፤ ወደ ጎረቤቱ ድርሻ አይሻገርም። ‹‹ከፊትህ ብላ›› እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ትርጉም የሚያሻው ነገር አይደለም። ምግቡ የሚሠራው እሑድ፣ ለምሳ፣ ለተሰበሰበ ዘመድ ነው። ሁለት ጣት ያነሡብኝ አስተናጋጅ የነገሩኝም ይህንኑ ነበር። ለአንድ ሰው የማይሠራው ባለቤቱ ስለሚከስር ብቻ አይደለም፤ እርግጥ ኪሳራም አለበት። ለአንድ ሰው የተሠራ ፓኤያ፣ አንድ ሰው ብቻ እንደቆመለት ለቅሶ የሆነ ነገር ይጎድለዋል።

ቫሌንሲያዎች ስለዚህ ምግብ ይጣላሉ። በ2016 ታዋቂው እንግሊዛዊ ወጥ ሠሪ ጄሚ ኦሊቨር ፓኤያ ውስጥ ቾሪሶ የሚባለውን ቋሊማ ጨምሮ በአደባባይ ቢያሳይ፣ ስፔን በሙሉ በቁጣም በሳቅም ተነሣችበት። በ2021 ደግሞ የክልሉ መንግሥት ፓኤያን በባህል ቅርስነት መዘገበው። እነዚህን ጠባቂዎች ማክበር ይገባል፤ በእጃቸው ያለውን ዝርዝር ግን ማምለክ አይገባም። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ሲሄዱ ዝርዝሩ ይለያያል። አንዱ ቀንድ አውጣ ይጨምራል፤ ሌላው በወራቱ አርቲቾክ፤ ባሕር ዳር ያለው ሥጋውን ትቶ በዓሣና በሽሪምፕ ይሠራዋል። ያ የአደባባዩ ቤት ነገ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አሟልቶ፣ ቀዝቅዞ የተቀመጠውን በአሥር ደቂቃ አሙቆ ቢያቀርብልኝ፣ ያው ውሸት ነው። የሚገርመው፣ የ2021ዱ አዋጅ ራሱ ፓኤያን በስሙ ሲጠራ የማገናኘትና የመካፈል ጥበብ ይለዋል እንጂ የአሥር ነገር ድብልቅ አይለውም። ሕጉ ከጠባቂዎቹ ይልቅ ነገሩ ገብቶታል።

ደግሞስ ‹‹የአባቶች ወግ›› የሚባለው ምን ያህል የቆየ ነው? ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያነሣው ደራሲ ነው። ቪሴንቴ ብላስኮ ኢባኜዝ በ1867 ቫሌንሲያ ተወልዶ በ1928 በፈረንሳይ የባሕር ዳር ያረፈ ጸሐፊ ነው። በ1902 ያሳተመው ልቦለድ ‹‹ካኛስ ኢ ባሮ›› ይባላል፤ በእኛ ‹‹ሸምበቆና ጭቃ›› ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከከተማዋ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአልቡፌራ ሐይቅ፣ ኤል ፓልማር በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አልቡፌራ ከዐረብኛ የመጣ ስም ነው፤ ‹‹ትንሿ ባሕር›› እንደማለት ነው። ስፔኖች ሩዝን ‹‹አሮዝ›› የሚሉትም ሩዙንና መስኖውን ካስለመዷቸው ሙስሊሞች ወርሰው ነው። ባሕርን ባሕር፣ ሩዝን ሩዝ ለምንል ለእኛ ሁለቱም ቃላት የሩቅ ዘመዶች ናቸው።

ልቦለዱ የሦስት ትውልድ ታሪክ ነው። አያትዬው ፓሎማ ሐይቁን እንደ ርስቱ የሚያይ አጥማጅ ነው። ልጁ ቶኒ ግን መረቡን ጥሎ፣ አፈር በጀልባ እያጋዘ፣ የሐይቁን አንድ ጥግ ደፍኖ የሩዝ ማሳ ለማድረግ ዕድሜውን ይፈጃል። አባት ይህን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ዓሣ የሰጣቸውን ውሃ በአፈር መቅበር ለእሱ ነውር ነው። የልጅ ልጁ ቶኔት ደግሞ አጥማጅም ገበሬም አይሆንም፤ ሥራ ይጠላል። የመሸታ ቤቱን ባለቤት ሚስት ኔሌታን ይወዳል፤ የወለዱትን ሕፃን በሐይቁ ይጥላል፤ በመጨረሻም ራሱን ያጠፋል። ቶኒም የልጁን ሬሳ ወስዶ፣ ያን ሁሉ ዓመት በላቡ በሞላው በዚያው ማሳ ውስጥ ይቀብረዋል።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ፎቶግራፍ የተደረደረበትን ሰሌዳ በሌላ ዓይን ያያል። ዛሬ የአባቶች ወግ ተብሎ የሚሸጥልን ሩዝ፣ በዚያ ልቦለድ ውስጥ ወግ አፍራሹ ነው። ሐይቁን የበላው እሱ ነው። የበቀለውም ሰው በተቀበረበት አፈር ላይ ነው። ብላስኮ ኢባኜዝ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ የፈረንሳዩን የዞላን ፈለግ ተከትሎ ሰውን በደመ ነፍሱ ብቻ መመዘን ያበዛል፤ ለኔሌታም ከስስት ሌላ ነፍስ ሊሰጣት አልፈቀደም። ግን አንድ ነገር አልሳተም፤ ምግብ ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውም በሜኑ ላይ የሚጻፈው ብቻ እንዳልሆነ።

በዚያው መጽሐፍ ሳንጎኔራ የሚባል ሰካራም አለ። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ፍጡር ነው። ሥራ ኃጢአት ነው ብሎ ያምናል። አንድ ጊዜ ከከተማ ለመጣ ሀብታም አዳኝ ጀልባ ቀዛፊ ሆኖ ይቀጠርና፣ የሰውየውን ስንቅ ጠራርጎ ይበላል፤ ያን ምግብ ሆዱ ሊሸከመው አልቻለምና ይሞታል። ‹‹ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል›› የሚለውን ተረታችንን ብላስኮ ኢባኜዝ ሰምቶት ባያውቅም፣ ታሪኩን ግን ጽፎታል።

ከአንድ ምግብ ጋር ብቻ ተጣልቼ ከተማዋን ሁሉ እንዳልኮንን፣ በሚቀጥሉት ቀናት ነዋሪው ራሱ ወደሚበላባቸው ቤቶች ሄድኩ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ በቁርስና በምሳ መካከል፣ እስሞርሳሬት የሚሉት መክሰስ አለ። ሠራተኛው ሥራውን አቁሞ ይቀመጣል፤ ክንድ የሚያህል ዳቦ በእንቁላል፣ በቋሊማ ወይም በፈረስ ሥጋ ተሞልቶ ይቀርባል፤ ወይራና ኦቾሎኒ አብሮ ይመጣል፤ በመጨረሻም በአረቄ እሳት የነደደበት ቡና ይጠጣል። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ የለም፤ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። በዚህ መክሰስ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ባይተዋር አይሆንም፤ ባንኮኒው ሁሉንም ጎረቤት ያደርጋል። በ1928 የተከፈተው ትልቁ የገበያ አዳራሽም እዚያው አቅራቢያ ነው። የብረትና የመስተዋት ጣራው ሥር ሴቶች ጋሮፎ ሲመርጡ፣ ዓሣ ሲያገላብጡ ማየት ከብዙ ምግብ ቤቶች ሜኑ የበለጠ ያስተምራል።

ከከተማዋ በስተሰሜን አልቦራያ በምትባል መንደር ደግሞ ኦርቻታ ጠጣሁ። ቹፋ ከሚባል፣ ከቀጠማ ወገን ከሆነ ሣር ሥር ከሚገኝ ፍሬ ተጨምቆ፣ በስኳርና በውሃ ተበጥብጦ በበረዶ የቀዘቀዘ ነው። ወተት ይመስላል፤ ወተት ግን ጠብታ የለበትም። ረቡዕ ቀን ነበርና በልቤ ለጿሚዎቻችን ተመኘሁት።

ወደ ኤል ፓልማርም ሄድኩ፤ የልቦለዱ መንደር። ወሩ ግንቦት ነበርና ማሳዎቹ ገና ውሃ እየተለቀቀባቸው እንደ መስተዋት ሰማዩን ያሳያሉ። የፓሎማ መንደር ዛሬ በምግብ ቤት ተሞልታለች። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ በርበሬ በበዛበት መረቅ የሚሠራውን የእባብ ዓሣ ወጥ በላሁ፤ ‹‹አል ኢ ፔብሬ›› ይሉታል። ይህ ለአንድ ሰውም ይሠራል። ጣዕሙን አልረሳውም፤ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። የአውሮፓ የእባብ ዓሣ ዛሬ ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት ተርታ ተመድቧል። የሐይቁ ወግ ሐይቁን ሊጨርስ ይችላል ብሎ ማሰብ፣ ከቶኒና ከአባቱ ጠብ ወዲህ ያልተዘጋ ክርክር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጎርፉ ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፉ ሐሰት ይሆናል። በጥቅምት 29 ቀን 2024 በቫሌንሲያ አውራጃ የወረደው ዝናብና ጎርፍ ከ220 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከተማዋ በ1957 ከደረሰባት ጎርፍ በኋላ የቱሪያን ወንዝ ከመሐሏ አውጥታ በስተደቡብ በተቆፈረ አዲስ መውረጃ እንዲሄድ አድርጋለች፤ አሮጌው መውረጃ አሁን የመናፈሻ ቦታ ነው። በዚህ ምክንያት መሐል ከተማው፣ ጎብኚ የሚበላበት ሁሉ፣ ዳነ። ከመውረጃው ማዶ ያሉት እንደ ፓይፖርታና ካታሮኻ ያሉ ከተሞች ግን በጭቃ ተዋጡ፤ ውሃው ያን ሁሉ ይዞ ወደ አልቡፌራ ገባ። በተከታዮቹ ቀናት በሺህ የሚቆጠር ወጣት መጥረጊያና አካፋ ተሸክሞ በእግሩ ድልድዩን ተሻገረ። የስፔናዊው ወጥ ሠሪ የሆሴ አንድሬስ ድርጅትም ትኩስ ምግብ ያድል ነበር።

ከዚያ ጎርፍ አሥር ቀን በፊት ደግሞ በዚያው ከተማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ለሰልፍ ወጥቶ ነበር። የቤት ኪራይ ሰማይ ወጣብን፤ መኖሪያችን የጎብኚ ማደሪያ ሆነብን የሚል ሰልፍ። በዚያ ዓመት ወደ ስፔን የገባው የውጭ ጎብኚ ከ93 ሚሊዮን በላይ ነው። እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ የሁለተኛው ብር፣ የሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። 93 ሚሊዮኑ እንግዳ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ የሚያውቀው ከሰፈሩ የተነቀለው ሰው ነው። የአደባባዩ ቤት ያቀረበልኝ ሩዝ እንግዲህ የሰነፍ ወጥ ሠሪ ጥፋት ብቻ አይደለም። ነገ የማይመለስ እንግዳን ማን በደንብ ያበላል? እኔም አልተመለስኩም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ እሱ ሸጠ፣ እኔ በችኮላዬ ገዛሁ።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ሦስት ጥያቄ ሆነ። ቤቱ ያስጠብቃል ወይስ አያስጠብቅም? ምግቡ በተሠራበት ዕቃ ከገበታ ይቀርባል ወይስ ከጓዳ ተቆርሶ ይመጣል? ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የሰፈሩ ሰው ነው ወይስ እንደ እኔ ካርታ የያዘ? ሦስቱን ያለፈ ቤት ዝርዝሩን ቢያዛባ እንኳ ይቅር እለዋለሁ። ሦስቱን የወደቀ ቤት ዝርዝሩን ቢጠብቅ አይጠቅመኝም።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነገር የራቅን አይደለንም። በዋሽንግተንና በአውሮፓ ከተሞች የተከፈቱት ምግብ ቤቶቻችን ብቻውን ለገባ ሰው በትንሽ ትሪ ይቆርሱለታል፤ ሌላ ምን ያድርጉ? ግን ጉርሻ የሚለው ቃላችን በአንድ በኩል በወዳጅ እጅ ወደ አፍ የሚገባ፣ በሌላ በኩል ለአስተናጋጅ የሚጣል ሳንቲም መሆኑን ሳስበው፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይታየኛል።

ልሄድ ስል በመጨረሻው ቀን፣ በማርፍበት ቤት የተዋወቅሁትን አንድ መንገደኛ ይዤ ወደ መጀመሪያዋ ምግብ ቤት ተመለስኩ። ሽማግሌው አስተናጋጅ አላስታወሱኝም፤ ስንት ሰው ያስታውሳሉ? እኔ ግን ሜኑውን ሳልገልጥ ሁለት ጣቴን አነሣሁ። ሳቁ። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። መጥበሻው ሲመጣ ሳህን አላስመጣንም። ጓደኛዬ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነውና መጀመሪያ አፈረ፤ ከፊቱ እንዲበላ አሳየሁት። ሶካራቷ ላይ ስንደርስ ግን ወሰኑን የጠበቀ የለም።